«አቢሲኒያ» የተባለችው ድመት፦ የአንድ የዝርያ ስም ታሪክና የማስረጃ ጥያቄ



የውሻና የድመት ወዳጆች በተሰባሰቡበት ሁሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ከዝርያዎች ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የትኛውን ነው?» የሚል። መልሱም ብዙውን ጊዜ የአገር ስም ያዘለ ነው፦ የጀርመን እረኛ፣ የፋርስ ድመት፣ የሲያም ድመት። ከእነዚህ ስሞች መካከል እኛን በቀጥታ የሚመለከተን አንዱ ነው። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ ጠጉሯ የጥንቸል የሚመስል፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ዝርያዎች የምትቆጠር ድመት «አቢሲኒያን» ትባላለች። ኢትዮጵያዊ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ቢደሰት አያስደንቅም፤ አገራችን ለዓለም ካበረከተቻቸው ነገሮች አንዱን ያገኘ ይመስለዋልና።

በዛሬው ንግግሬ ይህን ስም እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ወስጄ እመረምረዋለሁ። የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ የዝርያ ስም ስለ እንስሳው አመጣጥ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ስም አውጪው ዘመንና ፍላጎት የሚነግረን ይበልጣል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ይዘን ባለቤትነትን ልንናገር አንችልም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዝርያ አስተሳሰብ አጀማመር

ሰው ውሻን ለአደን፣ ለጥበቃና ለእረኝነት መለየት የጀመረው ከጥንት ነው። ነገር ግን ዝርያ ማለት በመዝገብ የተጻፈ የትውልድ ሐረግ፣ በጽሑፍ የተደነገገ መልክና በዳኛ የሚሰጥ ነጥብ ያለው ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ የ19ኛው ምእት ዓመት ውጤት ነው፤ ማእከሉም እንግሊዝ ነበረች። በ1859 በኒውካስል ከተማ የተካሄደው የውሻ ትርዒት በዘመናዊ ሥርዓት ከተዘጋጁት የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። በውድድሩ የቀረቡት የአደን ውሾች ብቻ ነበሩ። በ1873 የኬነል ክለብ ተቋቋመ፤ ውሾችም በትውልድ መዝገብ መስፈር ጀመሩ።

የድመት ተራ የመጣው ጥቂት ዘግይቶ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1871 ሃሪሰን ዌር የተባለ ሠዓሊ ለንደን በሚገኘው ክሪስታል ፓላስ ትልቅ የድመት ትርዒት አዘጋጀ። እስከዚያ ድረስ ድመት ለብዙው እንግሊዛዊ የጎተራና የማእድ ቤት አይጥ አዳኝ ነበረች። ዌር ለውድድሩ መለኪያ የሚሆኑ ነጥቦችን ጻፈ፤ ድመቶቹንም በቀለም፣ በጠጉር ርዝመትና በአካል ቅርጽ ከፈለ። ከፋፍሎ የሚዳኝ ሰው ደግሞ ለየክፍሉ ስም ያስፈልገዋል። የአገር ስሞች የገቡት በዚህ በር ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ወይም ከአፍሪካ መጣ የተባለ እንስሳ ተመልካች ይስባል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ከዙላ ወደ ለንደን

ትርዒቱ በተከፈተበት ወቅት «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል በእንግሊዝ ሕዝብ ጆሮ ገና ትኩስ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ከ13,000 ያላነሰ ጦር ከቦምቤይ ተነሥቶ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ በምትገኘው ዙላ ወርዶ፣ 44 ዝሆኖች ጭምር እየነዳ ወደ መቅደላ ዘምቶ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ጦሩ የዘረፈውን በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጦ ወደ ባሕር ተመለሰ። የብራና መጻሕፍት፣ ዘውድ፣ ታቦታትና ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ የተወሰዱት በዚህ ዘመቻ ነው።

በ1872 መጀመሪያ ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ክሪስታል ፓላስ ውድድር ሲዘግብ፣ ሦስተኛውን ሽልማት ያገኘችው ድመት በአቢሲኒያ ጦርነት የተማረከች መሆኗን ጠቀሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርደን ስቴብልስ የተባለ የባሕር ኃይል ሐኪም ስለ ድመቶች በጻፈው መጽሐፍ «ዙላ» የምትባል ድመት በሥዕል አቀረበ። ባለቤቷ የካፒቴን ባሬት ሌናርድ ሚስት መሆናቸውንና ድመቷ ጦርነቱ ሲያበቃ ከአቢሲኒያ መምጣቷን አመለከተ። የዝርያው ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ዋናው ምስክር ይህ ነው።

ማስረጃው ሲመረመር

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ስለ ቦታው ነው። ዙላ የጦሩ መውረጃና የስንቅ ማከማቻ ነበረች። የድመቷ ስም የሚጠቁመው ይህንን ወደብ እንጂ የደጋውን አገር አይደለም። በዚያ ወቅት ደግሞ ወደቡ ከሕንድ በመጡ መርከቦች ተሞልቶ ነበር፤ ከወታደሩም የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር። መርከብ አይጥ እንደማያጣው ሁሉ ድመትም አያጣም። ዙላ ላይ የተገኘች ድመት እዚያው ተወልዳ ሊሆን ይችላል፤ ከቦምቤይ ተሳፍራ መጥታም ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ የሚያስችል ቃል በስቴብልስ መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ስለ ትውልድ ሐረግ ነው። ዙላ መውለዷን፣ ልጆቿም ከዛሬዎቹ አቢሲኒያ ድመቶች ጋር መያያዛቸውን የሚያሳይ መዝገብ የለም። በሥዕሉ ላይ የምትታየው ድመት ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ የዛሬው ዝርያ ደግሞ በትልቅ ጆሮው ይታወቃል። በእንግሊዝ ከነበሩት አርቢዎች መካከል ዝርያው እዚያው አገር ዥጉርጉር ድመቶችን በማዳቀል የተገኘ ነው ብለው የተከራከሩ ጥቂት አልነበሩም። እንዲህ ያሉት ሰዎች ድመቷን «የጥንቸል ድመት» የሚል ተራ ስም ሰጥተዋት ነበር።

ሦስተኛው ከጦርነቱ በፊት ስለነበረው ነገር ነው። በሆላንድ በላይደን ከተማ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ አካሏ ደርቆ የተጠበቀ፣ ይህንኑ ዓይነት ጠጉር ያላት ድመት አለች። የተገዛችው በ1830ዎቹ ነው፤ ይኸውም ከመቅደላ ዘመቻ ሠላሳ ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። የሙዚየሙ መሥራች በመለያዋ ላይ የጻፈው አገር ሕንድ ነው።

የሥነ ባሕርይ ሳይንስም የበኩሉን ይጨምራል። የዚህች ድመት መለያ በእያንዳንዱ ነጠላ ጠጉር ላይ ጥቁሩና ቀላሉ ቀለም እየተፈራረቀ መውረዱ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት በአካሏ ላይ ጉልህ መስመር አይታይም። በ2021 የታተመ ጥናት ይህን መልክ የሚያስከትለውን ለውጥ ዲኬኬ4 በተባለው ጂን ላይ አግኝቶታል። እንዲህ ያለ ጠጉር ያላቸው ድመቶች በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና በደቡብ ምሥራቅ እስያ በብዛት ይገኛሉ፤ የዝርያውን አመጣጥ የሚመረምሩ ብዙ ባለሙያዎችም ወደዚያ ያመለክታሉ። ይህ ከላይደኑ መለያ ጋር ይስማማል። አንድን ነገር ግን መለየት ይገባል፤ ጂን ስለ ሕዋስ ዝምድና ይመሰክራል፤ አንዲት የተወሰነች ድመት በ1868 በየትኛው መርከብ እንደተሳፈረች ግን አይመሰክርም።

ስሙ ስለምን ጸና?

ማስረጃው ይህን ያህል የሳሳ ከሆነ ስሙ ስለምን 150 ዓመት ኖረ? መልሱ በሌሎቹ ስሞች ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝኛ «ታላቁ የዴንማርክ» የሚባለው ግዙፍ ውሻ የተዳቀለው በጀርመን ነው። «የአውስትራሊያ እረኛ» የሚባለው ውሻ የአሜሪካ ምዕራብ ልጅ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን «አቢሲኒያን» የሚለው ስም ለጊኒ ፒግ ዝርያ መሰጠቱ ነው። ጊኒ ፒግ የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ስለሆነች ከአቢሲኒያ የምትመጣበት መንገድ የለም። ጠጉሯ በየአቅጣጫው ስለሚሽከረከር ብቻ ለየት ያለ ስም ተፈለገላት፤ «አቢሲኒያ» ደግሞ ሩቅና እንግዳ የሆነውን ነገር ሁሉ የሚሸከም ቃል ሆኖ ተገኘ።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ከአቢሲኒያ ድመቶች አልፎ አልፎ ረጅም ጠጉር ያላቸው ግልገሎች ይወለዱ ነበር። በ20ኛው ምእት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ለብቻቸው ዝርያ ሆነው ሲቋቋሙ አንዲት አርቢ «ሶማሊ» አለቻቸው። ምክንያቷም ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጎረቤት መሆኗ ነበር። ከሶማሊያ የመጣ አንድም ድመት በነገሩ ውስጥ የለም። አንድ ያልተረጋገጠ ስም ሁለተኛ ስም ወለደ፤ ካርታውም እንደ ትውልድ ሐረግ ሆኖ አገለገለ።

ይህ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ ነው እንዳንል የራሳችንን አነጋገር እንመልከት። በአዲስ አበባ «የፈረንጅ ውሻ» ስንል ከየትኛው አገር እንደመጣ አንጠይቅም። ቃሉ የሚያመለክተው መልኩን፣ ዋጋውንና የባለቤቱን የኑሮ ደረጃ ነው፤ «የሐበሻ ውሻ» ደግሞ ደጅ የሚጠብቀው፣ መዝገብ የሌለው ነው። እነርሱ «አቢሲኒያ» ሲሉ እኛም «ፈረንጅ» ስንል የሩቁን ስም ለማድመቂያ እየተዋስን ነው።

የተዘጋ መዝገብ ዋጋ

የስም ጉዳይ በስም ብቻ አይቀርም። ዝርያው ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ መዝገቡ ሲዘጋ፣ የሚዳቀሉት እንስሳት ቁጥር ያንሳል፤ በደም የሚወረስ በሽታም ይበረታል። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ የቀሩት አቢሲኒያ ድመቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ዝርያው ያንሰራራው ከእነዚህና ከባሕር ማዶ ከነበሩት ነው። በዝርያው ውስጥ ዓይንን ቀስ በቀስ የሚያሳውር የሬቲና በሽታ በስፋት የተጠናውም ከዚህ ሁኔታ ጋር ተያይዞ ነው። በ2007 የድመት ጂኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቦ ሲታተም የተመረጠችው «ሲናሞን» የተባለች አቢሲኒያ ድመት ነበረች። ከተመረጠችባቸው ምክንያቶች አንዱ ዘመድ ከዘመድ የተዳቀለ የትውልድ ሐረጓ ንባቡን ቀላል ማድረጉ ነው። ለሳይንስ ጥቅም የሰጠው መመሳሰል ለእንስሶቹ ጤና ዕዳ መሆኑን እናስተውል።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል?

ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ ስለገቡት ነገሮች ስናጠና ሁለት ዓይነት ማስረጃ በእጃችን አለ። የብራና መጻሕፍቱ በብሪቲሽ ላይብረሪ በቁጥር ተመዝግበዋል፤ በብዙዎቹ ኅዳግ ላይ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ንብረት እንደነበሩ በግእዝና በአማርኛ ተጽፏል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥትን በደብዳቤ ጠይቀው በ1872 ያስመለሱት የሚጠይቁትን ለይተው ስላወቁ ነው። ድመቷ ግን ያላት አንድ ሥዕል፣ ጥቂት መስመር ጽሑፍና ስም ብቻ ነው።

ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የሚጎዳው የመጀመሪያውን ነው። ያልተረጋገጠውን «የእኛ ነው» ብሎ የሚናገር ሰው፣ የተረጋገጠውን «የእኛ ነው» ባለ ጊዜ ቃሉ ክብደት ያጣበታል። ዙላ ከደጋችን ወርዳ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ማስረጃ የለም። የታሪክ ሰው ግን የሚችለውንና የሆነውን ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ተማሪዎቻችን የዝርያ ስም፣ የሙዚየም መለያ ወይም የካታሎግ መግለጫ ሲያነቡ ይህን ይጠይቁ ዘንድ አሳስባለሁ፦ ስሙን ማን አወጣው? መቼ? ማንን ሊያስደስት? በእጁስ ምን ማስረጃ ነበረው? «አቢሲኒያ» የምትባለው ድመት ስለ ኢትዮጵያ ድመቶች የምትነግረን ጥቂት ነው። በዘረፋ ማግሥት የተዘራፊው አገር ስም በለንደን አዳራሽ የጌጥ ቃል እንዴት እንደሆነ ግን በሚገባ ትመሰክራለች። ይህ ምስክርነቷ በራሱ ሊጠናና ሊጻፍ የሚገባው ነው።