ዜና ዲያቆናት ዘሉዊዚያና

ሊንደን ጆንሰን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ጆን ማክኪተን የሉዊዚያና አገረ ገዥ በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. በጁላይ 2 ቀን፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ምግብ ቤት እንዲበላ፣ በአንድ ሆቴል እንዲያድር የሚያዝዝ ሕግ በዋሽንግተን ተፈረመ። በደቡብ አገር ግን ሸሪፉም ዳኛውም የፋብሪካው አለቃም ያው የትናንቱ ሰው ነበርና፣ ሕጉን አምኖ ወደ ምግብ ቤት የገባ ጥቁር ማታ ቤቱ በሰላም ስለማደሩ ዋስ አልነበረውም።

በሰሜን ሉዊዚያና፣ በጥድ ደን መካከል፣ ጆንስቦሮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ ዓመት «ኮር» በሚል አጭር ስሙ የታወቀው የዘር እኩልነት ጉባኤ ወጣቶች ጥቁሮቹን ለምርጫ ሊያስመዘግቡ ወደ ከተማይቱ መጡ። ወዲያውም በአንድ የበጋ ሌሊት ጥቁሮችን የሚያሸብረው የኩ ክላክስ ክላን ሰዎች ሃምሳ በሚያህሉ መኪኖች ተሰልፈው፣ የማስፈራሪያ ወረቀት እየበተኑ፣ የጥቁሮቹን ሰፈር አቋርጠው አለፉ። ከሰልፉ ፊት መንገድ ይመራ የነበረው የከተማው ፖሊስ መኪና ነበረ። የሰፈሩ ሰዎችም ይህን በዓይናቸው አዩ፤ ሌባ ቢመጣ ይጠሩት የነበረው ፖሊስ ከማን ጋር እንደ ሆነ ከዚያ ሌሊት በኋላ የሚጠራጠር አልቀረም።

ከሰፈሩም ሰዎች መካከል ኧርነስት ቶማስ የሚባሉ በወታደር ቤት ያገለገሉ ሰው፣ ደግሞም ሰባኪና የትምህርት ቤት አሠልጣኝ የነበሩት ፍሬድሪክ ዳግላስ ኪርክፓትሪክ ነበሩ። እነዚህ ከጎረቤቶቻቸው ጋር መክረው ሮንድ ወጡ፤ የኮር ወጣቶች ያደሩበትን ቤት በየተራ ጠበቁ። ወጣቶቹ ያለ ዓመፅ ለመታገል የማሉ፣ መሣሪያ በእጃቸው የማይነኩ ነበሩ። ጠባቂዎቹ መሐላቸውን አክብረው በሰልፉ ውስጥ ጠመንጃ አላስገቡም፤ ይሁን እንጂ ተኝቶ የሚያድርን እንግዳ በር ላይ ሆኖ መጠበቅ የባለ አገር ግዴታ ነው ብለው ቆሙ። ማኅበራቸውንም «ለመከላከልና ለፍትሕ የቆሙ ዲያቆናት» ብለው ሰየሙ፤ በ1965 ዓ.ም. በማርች ወርም በሉዊዚያና ሕግ በይፋ አስመዘገቡት። በስውር የተቋቋመ የሽፍታ ቡድን እንዳይባሉ ስማቸውን በመንግሥት መዝገብ ማስጻፋቸው ብልህነት ነበር።

ወደዚህ ማኅበር መግባት ለፈለገው ሁሉ አልተፈቀደም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በላይ የሆነ፣ በሰፈሩ የተከበረ፣ ጠባዩ የታወቀ ሰው ይመረጥ ነበር። አብዛኞቹም በዓለም ጦርነት ወይም በኮሪያ የዘመቱ፣ ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ በዓይናቸው ያዩ ነበሩና ስለ መተኮስ በቀላሉ አይናገሩም። ለጠብ የሚቸኩለውን፣ ቂም ሊወጣ የሚመጣውን አንቀበልህም ብለው ይመልሱ ነበር። ሕጋቸው አስቀድሞ መተኮስን ይከለክላል፤ የተፈቀደላቸው የመጣውን መመለስ ብቻ ነበር። የሉዊዚያና ሕግ ጠመንጃን በግልጽ መያዝን አይከለክልም ነበርና መሣሪያቸውን ሰው በሚያየው ስፍራ ይይዛሉ። በመገናኛ ሬድዮ እየተጠራሩ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዙትን የኮር ሰዎች በመኪና ተከትለው ያደርሳሉ። ዘብ የቆመው ሰው ሲነጋ ወደ ፋብሪካ ሥራው ይገባል፤ ለዚህ ሁሉ ደመወዝ አልነበረውም።

በዚያው በማርች ወር የጆንስቦሮ ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው በር ላይ ተቃውሞ አሰሙ። ፖሊስም የእሳት አደጋ መኪና አስመጣ፤ ቱቦው በልጆቹ ላይ ተደገነ። በዚያን ጊዜ አራት ዲያቆናት በመኪና ደረሱ፤ ወርደውም የአደን ጠመንጃቸውን ፖሊሱ እያየ ጥይት አጎረሱ። ማንንም አልተሳደቡም፤ አፈሙዙንም ወደ ሰው አላዞሩም። የፖሊሶቹም አዛዥ አመዛዝኖ መኪናው እንዲመለስ አዘዘ። ልጆቹ ሳይረጥቡ፣ ጥይትም ሳይተኮስ ቀኑ አለፈ። ዜና መዋዕል የሚጽፍ ሰው የሞተና የቆሰለ መቁጠር ይወዳል፤ እኔ ግን ይህን ቀን ከብዙ ጦርነት አስበልጬ እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደ ቦጋሉሳ እንሻገር። ቦጋሉሳ በሉዊዚያና ምሥራቅ፣ በሚሲሲፒ ወሰን አጠገብ ያለች፣ ክራውን ዜለርባክ በተባለው የወረቀት ኩባንያ የምትተዳደር ከተማ ነበረች፤ ክላንም በውስጧ እጅግ በርትቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 1 ቀን ማታ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሮበርት ሂክስና ባለቤታቸው ሁለት ነጭ የኮር ሰዎችን አሳድረው ሳለ የፖሊስ አዛዡ በራቸውን መታ። «ሕዝብ ተሰብስቦባችኋል፤ እንግዶቹን አስወጡ» አለ፤ ጥበቃ እንዲሰጥ ቢጠየቅም እምቢ አለ። ሂክስ ግን እንግዳን ከቤቴ አላስወጣም አሉ። በስልክ ወዳጆቻቸውን ጠሩ፤ ወዳጆቻቸውም ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው በቤቱ ውስጥና በዙሪያው ቆሙ። ሊመጣ የነበረው ሕዝብ በዚያ ሌሊት አልመጣም። በዚያው ወር ቶማስና ኪርክፓትሪክ ከጆንስቦሮ ወርደው የቦጋሉሳን ዲያቆናት አቋቋሙ፤ በጦር ሠራዊት ተኩስ ያስተምሩ የነበሩት ቻርልስ ሲምስም አለቃ ሆኑ።

በጁን 2 ቀን በዚያ አውራጃ ከተሾሙት የመጀመሪያ ጥቁር የሸሪፍ ረዳቶች አንዱ የሆኑት ኦኒል ሙር በሥራ ላይ ሳሉ ከመኪና በተተኮሰ ጥይት ተገደሉ፤ ጓደኛቸውም ቆሰሉ። በዚህ ደም ማንም ተፈርዶበት አልተቀጣም። ዲያቆናቱም ለብቀላ አልዘመቱም። ጠመንጃው በእጃቸው፣ ሐዘኑ በልባቸው፣ የጠላትም ቤት በሰፈራቸው ማዶ ሳለ እንዲህ መቆየት እንዴት እንደሚከብድ፣ ዘመድ የተገደለበት ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳልሸፍን መጻፍ ይገባኛል። በጁላይ 8 ቀን ሰልፈኞች በቦጋሉሳ ጎዳና ሲሄዱ፣ ከግራና ከቀኝ ከቆመው የነጮች ሕዝብ የተወረወረ ነገር የ17 ዓመት ልጃገረድ መታ። የዲያቆናቱ መኪና ሊያነሣት በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ ከበበው፤ ሾፌሩንም ይደበድቡት ጀመር። በመኪናው ውስጥ የ21 ዓመቱ ሄንሪ ኦስቲን ነበረ። በመጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሕዝቡ አልተመለሰም። ሁለተኛም ተኮሰና አንድን ነጭ ሰው ደረቱን መታ፤ ሰውየውም በሕይወት ተረፈ። ኦስቲንን ጀግና ብለው የጮኹለት ብዙ ናቸው፤ የኮነኑትም አልጠፉም። እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፦ የቆሰለች ልጅ በአጠገቡ፣ የሚደበደብ ወንድም በፊቱ፣ የማይከላከል ፖሊስ በዳር ሳለ ተኮሰ፤ ሳያስጠነቅቅም አልተኮሰም። ነገር ግን ጥይቱ ጥቂት ወደ ልብ ቢያዘነብል ኖሮ ያ ሰው በሞተ፣ ሰልፉም በደም በታጠበ ነበር። ኦስቲን የወረደበትን ክብደት በዕድሜው ሙሉ መሸከም ነበረበት፤ ጠመንጃ የሚያነሣ ሁሉም ይህን ጭነት አስቀድሞ ትከሻው ላይ አኑሮ ካልተነሣ ባይነሣ ይሻላል።

ከዚያም በኋላ ዋሽንግተን ዞር ብላ አየች። ጆን ዶር የተባሉት የፍትሕ ሚኒስቴር ሹም ወደ ቦጋሉሳ ወረዱ። ዳኛ ኸርበርት ክሪስተንቤሪ የከተማው ፖሊስ ሰልፈኞችን እንዲጠብቅ በትእዛዝ አሠሩት፤ በዲሴምበር 1965 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ክላንን ከዛቻና ከድብደባ እንዲታቀብ አገደው። ለብዙ ዓመት የተኛው መንግሥት የነቃው ጥቁሮቹም ሊተኩሱ እንደሚችሉ ባየ ጊዜ መሆኑን መሸፋፈን አልችልም፤ ይህ መንግሥትን የሚያስመሰግን አይደለም።

በ1966 ዓ.ም. በጁን 6 ቀን የጥቁሮች መብት ታጋይ ጄምስ ሜሬዲት በሚሲሲፒ መንገድ ሲሄዱ በጥይት በቆሰሉ ጊዜ፣ የትግሉ መሪዎች ማርቲን ሉተር ኪንግና ስቶክሊ ካርማይክል ጉዞውን ሊቀጥሉ በሜምፊስ ተገናኙ። ዲያቆናት ይጠብቁ ወይስ አይጠብቁ በሚል ብዙ ተከራከሩ። ኪንግ ሰልፉ ያለ ዓመፅ እንዲሆን በጽኑ ጠየቁ፤ እንዲህም ሆኖ ጥበቃው ተፈቀደ። ሕዝቡ በአስፋልቱ ላይ ባዶ እጁን ዘመረ፤ ዲያቆናቱም ከዳር ሆነው ኮረብታውንና ጫካውን እየቃኙ እስከ ጃክሰን ድረስ አብረው ሄዱ።

እ.ኤ.አ. ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ማኅበሩ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ የመጣበት ጉዳይ ስለ ቀለለ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሮበርት ሂክስ ግን አላረፉም። ጥቁር ሠራተኞችን ከዕድገት ያገደውን የፋብሪካውን ሥርዓት በፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በከተማይቱ የመንግሥት ቤቶች በዘር ተለይተው እንዳይሠሩም ሌላ ክስ አቀረቡ፤ ኋላም በዚያው ፋብሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ተቆጣጣሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. አረፉ፤ ያ ሌሊት የተጠበቀው ቤታቸውም በአገሪቱ የታሪክ ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።