ትሬጊዬና ሁለቱ ልጆቿ



በዛሬው ንግግሬ የማወሳላችሁ ከፈረንሳይ አገር በስተ ምዕራብ፣ በብሬታኝ ምድር ስለምትገኝ ትሬጊዬ ስለምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የነዋሪዎቿ ቍጥር ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ የሕግ ሰዎች ሁሉ ጠባቂያችን ነው የሚሉት ቅዱስ ኢቭ የዚህች አገር ልጅ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ምእመናን እጅግ ያስቈጣው ሊቅ ኤርነስት ሬናንም የዚህችው አገር ልጅ ነው። የአንደኛው መቃብርና የሁለተኛው ሐውልት ዛሬ በጥቂት ርምጃ ብቻ ተለያይተው ይገኛሉ። ይህም እንዲሁ በሰላም የሆነ ነገር አይደለም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ከተማዋ የተቈረቈረችው ዦዲና ጌንዲ የሚባሉት ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ኰረብታ ላይ ነው። ፈረንሳይንና እንግሊዝን የሚለየው ባሕር ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሲሞላ በወንዙ አፍ ገብቶ እስከ ከተማዋ ወደብ ድረስ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲጐድልም ወንዙ ይቀጥንና ጭቃው በግራ በቀኝ ይገለጣል። ወንዝ ቍልቍል ብቻ ሲወርድ እያየ ያደገ የደጋ ሰው፣ ወንዝ ወደ መጣበት ሲመለስ ቢያይ መደነቁ አይቀርም። ቀድሞ እህልና እንጨት ይጫንበት በነበረው ወደብ ዛሬ የሚታዩት ባለሸራ የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። ኦይስተር የሚባለው በዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር ምግብም በዚሁ የወንዝ አፍ ይረባል። በእግር መሄድ የሚወድ እንግዳ ደግሞ የጥንት የጉምሩክ ዘበኞች ኮንትሮባንድ ሲጠብቁ የረገጡትን ቀጭን መንገድ ይከተላል፤ ይህ መንገድ የብሬታኝን ዳርቻ ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እየዞረ የሚሄድ ሲሆን በትሬጊዬም በኩል ያልፋል።

የከተማዋ መነሻ ገዳም ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከዌልስ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቱግዱዋል የሚባል መነኵሴ በዚህ ኰረብታ ላይ ተቀመጠ፤ ከብሬታኝ ሰባት መሥራች ቅዱሳንም አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። በስሙ የሚጠራው የዛሬው ካቴድራል መሠራት የተጀመረው በ1339 ነው። ከጐኑ ያለውና ዙሪያውን በቀጫጭን ዐምዶች የተከበበው የካህናት መመላለሻ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተፈጸመ ሲሆን፣ በብሬታኝ ምድር ሳይፈርሱ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። 63 ሜትር የሚረዝመው ሹል ግንብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጨመረ ነው፤ በድንጋዩም ላይ የካርታ መጫወቻ ምልክቶች የሚመስሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። የአገሩ ሰዎች ምክንያቱን ሲናገሩ፣ የማሠሪያው ገንዘብ ከሎተሪ ስለ ተገኘ ነው ይላሉ። ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ጌጥ መሆኑ አይካድም።

ትሬጊዬ የማተሚያ ቤት ካገኙት ከመጀመሪያዎቹ የብሬታኝ ከተሞችም አንዷ ናት። ዤሃን ላጋዴክ በ1464 ያዘጋጀው፣ ካቶሊኮን የሚባለው የብሬታኝ፣ የፈረንሳይና የላቲን ቋንቋ መዝገበ ቃላት በ1499 የታተመው በዚህች ከተማ ነው። የመጀመሪያው የግዕዝ ታታሚ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት በሮም የወጣው በ1513፣ ማለት ከዚያ 14 ዓመት በኋላ መሆኑን ብናስብ፣ ይህች ትንሽ ከተማ በዘመኗ ከማን ጋራ እንደ ተሰለፈች እናስተውላለን።

አሁን ወደ ሁለቱ ልጆች እንመለስ። ኢቭ ኤሎሪ በ1253 ከከተማዋ አጠገብ ኬርማርቴን በሚባል ስፍራ ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። በፓሪስና በኦርሌአን ሕግ ተምሮ፣ በመጀመሪያ በሬን፣ ቀጥሎም በትሬጊዬ የቤተ ክህነት ዳኛ ሆነ። ለመበለትና ለሙት ልጅ ያለ ዋጋ ይሟገት ነበር፤ የአባቶቹንም ቤት የድኾች ማረፊያ አደረገው። ስለ ዳኝነቱ ከሚነገሩት አንዱ ይህ ነው፦ አንድ ባለ ምግብ ቤት፣ ይህ ለማኝ በየቀኑ ከወጥ ቤቴ ደጃፍ እየቆመ በወጤ ሽታ ደረቅ ዳቦውን ይበላልና ዋጋዬን ይክፈለኝ ሲል ከሰሰ። ኢቭም ከከረጢቱ ገንዘብ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አቃጨለና፣ «ድምፁን ሰማህን? እንግዲህ የሽታው ዋጋ ተከፍሎሃል» ብሎ ፈረደ። ተረቱ በብዙ አገር የሚነገር ነው፤ ሕዝቡ ለዚህ ዳኛ መስጠቱ ግን ራሱን የቻለ ምስክርነት ነው። ኢቭ በግንቦት 19 ቀን 1303 ዐረፈ፤ በ1347ም የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ቅድስናውን ዐወጁ። በካቴድራሉ ውስጥ የነበረውን መቃብሩን በአብዮቱ ዘመን፣ በ1794 ወታደሮች አፈረሱት፤ ዛሬ የሚታየው በ1890 የተሠራው ነው።

ኤርነስት ሬናን በዚያው ከተማ በ1823 ተወለደ። አባቱ የመርከብ ሰው ነበርና በ1828 በባሕር ሞተ፤ ለቤተ ሰቡም ዕዳ ተረፈ። ያን ጊዜ እናቱ ልጇን ወደ ቅዱስ ኢቭ ጸሎት ቤት ወስዳ፣ ከእንግዲህ ሞግዚቱ አንተ ነህ ብላ ለቅዱሱ እንዳስረከበችው ራሱ ሬናን በ1883 ባሳተመው የልጅነት ትዝታው ጽፏል። ሞግዚቴ በገንዘብ ነገር ብዙም አልረዳኝም፤ ነገር ግን ከሀብት የሚሻል ደስተኛ ልብ ሰጠኝ ሲል በቀልድ ያመሰግነዋል። ዕዳውን የከፈለችው ግን እኅቱ አንሪዬት ናት፤ ስለዚህም ወደ ፖላንድ ሄዳ የሰው ልጆች በማስተማር ብዙ ዓመት በስደት ኖረች።

ልጁ ለክህነት ተማረ፤ ዳሩ ግን የዕብራይስጥን መጻሕፍት ሲመረምር እምነቱ ተናጋበትና በ1845 የካህናቱን ትምህርት ቤት ትቶ ወጣ። በ1855 ስለ ሴማውያን ቋንቋዎች ታሪክ ባወጣው መጽሐፍ የእኛንም ግዕዝ ከእኅቶቹ ጋራ አስተያይቶ መርምሮታል። በ1863 ግን ክርስቶስን እንደ ሰው ብቻ አድርጎ የተረከበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከአውሮፓ ዳር እስከ ዳርም ቍጣ ተነሣ። በመጽሐፉ ላይ መከራከር የዛሬው ጉዳዬ አይደለም። እኔ የምጠይቀው፣ የምትወደውን የካደባትን ልጅ እናት ከተማ ምን ታድርገው? የሚለውን ነው።

ሬናን ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1903 የመንግሥት ወገኖች ሐውልቱን ከካቴድራሉ ፊት ለፊት አቆሙ። ቀራጺው ዣን ቡሼ ሽማግሌውን ተቀምጦ፣ ከኋላው ደግሞ አቴና የምትባለውን የግሪኮች የጥበብ አምላክ አድርጎ ቀረጸው። ጣዖት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማቆም ስድብ መሆኑን ሠሪዎቹ አላወቁም ማለት ያስቸግራል። የሚኒስትሮች መሪ የነበረው፣ የቤተ ክህነትን ሥልጣን በመቃወም የታወቀው ኤሚል ኮምብ ለምረቃው ሲመጣ፣ ሕዝቡ በጩኸትና በፉጨት ተቀበለው፤ ወታደሮችም ከተማዋን ጠበቁ። ምእመናኑ በበኩላቸው ገንዘብ አዋጥተው በ1904 ወደ ወደቡ በኩል ታላቅ የድንጋይ ስቅለት አቆሙ፤ የተቃውሞ መስቀል ተብሎም ተጠራ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1905 በፈረንሳይ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን በሕግ ተለያዩ።

ሁለቱም ሐውልቶች እስከ ዛሬ በየቦታቸው ናቸው። የሬናን የትውልድ ቤት ሙዚየም ሆኗል። በየዓመቱ በግንቦት ወር በሦስተኛው እሑድ የቅዱስ ኢቭ በዓል ሲከበር፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ጠበቆችና ዳኞች የማዕርግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የራስ ዐፅሙ የተቀመጠበትን ሣጥን አጅበው ከካቴድራሉ እስከ ትውልድ መንደሩ ሚኒሂ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ሬናን በዐምዶች በተከበበው የካህናት መመላለሻ ውስጥ ሊቀበር ይመኝ እንደ ነበር ይነገራል። የተቀበረው ግን በፓሪስ፣ በሞንማርትር መካነ መቃብር፣ በሚስቱ ዘመዶች መቃብር ውስጥ ነው።