ያልደከሙበት ጥቅም፦ የአሜሪካ የቤት ብድር ታሪክ ስለ ዘር ምን ያስተምረናል?



የታሪክ ባለሙያ የሚመረምረው ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ችግርን የሚዘግብ ነው፤ የተከሰሰውን፣ የተባረረውን፣ አቤት ያለውን። በሩ ያለ ጥያቄ የተከፈተለት ሰው ግን አቤቱታ አይጽፍም። በዘራቸው ምክንያት የተጎዱ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ ከባድ ነው፤ በዘራቸው ምክንያት የተጠቀሙትን ሰዎች ታሪክ መጻፍ ግን ከዚያም ይከብዳል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ይህ ጥቅም ሳይታሰብ የጽሑፍ ማስረጃ የተወበትን አንድ ጉዳይ ነው። እርሱም በሃያኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ የነበረው የቤት ብድር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1930ዎቹ በፊት በአሜሪካ ቤት በብድር መግዛት ለብዙው ሠራተኛ መደብ አስቸጋሪ ነበር። ባንኮች ከፍተኛ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቁ ነበር፤ የመክፈያው ጊዜም አጭር ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ብዙዎችን ቤት አልባ ሲያደርግ መንግሥት ጣልቃ ገባ። በ1933 የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን፣ በ1934 ደግሞ የፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ተቋቋሙ። የመጀመሪያው ድርጅት ከሁለት መቶ በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር ገምግሞ በአረንጓዴ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም ለየ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በአብዛኛው በቀይ ተቀለሙ፤ ትርጉሙም ለብድር አደገኛ ማለት ነበር።

ይሁን እንጂ ከካርታዎቹ ይበልጥ ወሳኝ የነበረው የሁለተኛው መሥሪያ ቤት አሠራር ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ለባንኮች ብድር የመንግሥት ዋስትና ይሰጥ ስለነበር ቅድሚያ ክፍያው ዝቅ አለ፤ የመክፈያው ዘመንም ወደ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ተራዘመ። የመሥሪያ ቤቱ የግምገማ መመሪያ ግን የተለያዩ ዘሮች በአንድ ሰፈር መኖራቸውን የንብረትን ዋጋ የሚጥል ነገር አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ገደብ በባለቤትነት ሰነድ ላይ እንዲሰፍርም ያበረታታ ነበር።

ኒው ዮርክ አጠገብ በሎንግ አይላንድ የተሠራችውን ሌቪታውንን እንመልከት። ከ1947 ጀምሮ ከ17,000 በላይ ቤቶች የተገነቡባት ይህች መንደር ከጦርነቱ ለተመለሱ ወታደሮች ታላቅ ተስፋ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ የኪራይ ውሎች ግን ከነጭ ዘር ውጭ የሆነ ሰው በቤቱ እንዳይኖር ይከለክሉ ነበር፤ የቤት ሠራተኛ ሲቀር። ይህች ትንሽ ልዩ ሁኔታ በጥሞና ልትነበብ ይገባታል። ጥቁሯ ሴት በዚያ ቤት ምግብ ማብሰልና ሕፃን ማሳደግ ትችላለች፤ ልትከራየው ወይም ልትገዛው ግን አትችልም። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉ ገደቦችን ሊያስፈጽሙ እንደማይችሉ ወሰነ፤ የሌቪታውን ገንቢዎች ግን ከዚያም በኋላ ለጥቁሮች አንሸጥም ማለታቸውን ቀጠሉ።

በ1944 የወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግም በቃሉ ዘርን አይለይም ነበር። አፈጻጸሙ ግን በየአካባቢው ባንኮችና ባለሥልጣኖች እጅ ነበር። በ1947 በሚሲሲፒ ግዛት በ13 ከተሞች በተደረገ ቆጠራ፣ በዚህ ሕግ ዋስትና ከተሰጡት 3,229 ብድሮች ውስጥ ለጥቁር ወታደሮች የደረሱት ሁለት ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። በሌቪታውን ቤት የገዛው ነጭ ሠራተኛ ባለጸጋ አልነበረም። በጦር ሜዳ ተዋግቷል፤ በፋብሪካ ደክሟል፤ ዕዳውንም በየወሩ ከፍሏል። ታዲያ ያልደከመበት ምንድን ነው? መልሴ እንዲህ ነው፦ ለቤቱ ደክሟል፤ ለመግዛት ለተሰጠው ፈቃድ ግን አልደከመም። እንደ እርሱ የተዋጋውና የደከመው ጥቁር ወታደር ያንን ፈቃድ አላገኘም። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። ይህ ሰው ግን ከጠገበውም ይለያል፤ የበላው በላቡ ያገኘውን ነውና፣ ከላቡ በተጨማሪ የተሰጠውን ነገር ለማየት ምክንያት አልነበረውም።

የቤቱ ጥቅምም ከገዢው ጋር አልቀረም። ዋጋው ከፍ ሲል ለልጆች የኮሌጅ ክፍያ፣ ለክፉ ቀን መጠጊያ፣ በመጨረሻም ውርስ ሆነ። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ አድልዎን ከለከለ፤ ላለፉት ዓመታት ግን ካሣ አልከፈለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባካሄደው ጥናት መሠረት የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 285,000 ዶላር ሲሆን የጥቁር ቤተሰብ 44,900 ዶላር ነበር። የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የቤት ታሪክ ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ዱ ቦይስ በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ድኻው ነጭ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ የክብርና የሥነ ልቦና ደመወዝ ያገኝ እንደነበር አስተምሮናል። ፔጊ ማኪንቶሽ በ1988 ባቀረበችው ጽሑፍ ደግሞ ነጭ በመሆኗ ብቻ በየዕለቱ የምታገኛቸውን ጥቅሞች ዘረዘረች፤ የቁስል ፕላስተር ከቆዳዋ ቀለም ጋር መመሳሰሉ እንኳ አልቀረም። በ2004 የታተመ ጥናት በቦስተንና በቺካጎ ይዘታቸው የተመጣጠነ የሥራ ማመልከቻዎችን በተለያየ ስም ልኮ፣ የነጭ የሚመስል ስም ያላቸው በ50 በመቶ የበለጠ ጥሪ እንዳገኙ አሳየ። የተጠራው ሰው ስሙ እንደጠቀመው የሚነግረው የለም።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓውያን ያደላ ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965፣ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል አገሪቱን ባናወጠበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ አሜሪካ የሄዱ ኢትዮጵያውያን የገቡበትን በር ለማስከፈት ሌሎች ታስረዋል፤ ተደብድበዋልም። ኢትዮጵያዊው በዚያ አገር ከቆዳው ቀለም የተነሣ አድልዎ ሊደርስበት ይችላል፤ ያም ሆኖ ሌላው የታገለለትን ፍሬ ይበላል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ በኩል ተበዳይ፣ በሌላ በኩል ያልደከመበት ጥቅም ተቀባይ ሊሆን ይችላል።

ጥቅምን መገንዘብ ማለት የአባትን ኃጢአት በልጅ ላይ መቁጠር ማለት አይደለም። ሰነዱን ሙሉ በሙሉ ማንበብ ማለት ነው። ተማሪዎቼ በመዝገብ ቤት ሲሠሩ የተከለከለውን ሰው ፋይል ብቻ እንዳይፈልጉ እመክራለሁ። በዚያው ቀን በዚያው መስኮት ቀርቦ ያለ ጥያቄ የተፈቀደለትን ሰው ፋይልም ያውጡ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያንብቡ። አድልዎ ምን እንደ ነፈገ ብቻ ሳይሆን ለማን ምን እንደ ሰጠ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።