ኦርሳንሚኬሌ፤ የእህል ገበያ፥ የሙያ ማኅበራትና የፍሎሬንስ ቅርጻ ቅርጽ

ስለ ሬኔሳንስ ዘመን ጥበብ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሆኖ ይቀርባል። ጊቤርቲ፥ ዶናቴሎ፥ ሊዮናርዶና ሚኬላንጄሎ የተባሉ ሰዎች ተነሡ፤ የግሪክንና የሮማን ጥበብ እንደገና ሕይወት ሰጡት፤ የሰውን ልጅ ክብር በድንጋይና በቀለም ገለጹ ይባላል። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም እብነ በረዱን የገዛው፥ ነሐሱን ያስመጣው፥ ቀራጺውን በውል የቀጠረውና ሥራውን መርምሮ የተቀበለው ማን ነበር የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ሕንፃ አማካይነት መመርመር ነው። ሕንፃው በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ ከተማ መካከል የሚገኘው ኦርሳንሚኬሌ ነው። የምናቀርበውም አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ በዚህ ሕንፃ ግድግዳ ላይ የቆሙት ሐውልቶች የቀራጮችን ችሎታ ብቻ የሚያሳዩ ሳይሆኑ፥ በከተማው አስተዳደር ውስጥ ድርሻ የነበራቸው ማኅበራት መዝገብ ናቸው። መዝገብ በመሆናቸውም የጻፉትን ብቻ ሳይሆን የተዉትንም ልንመለከት ይገባናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የእህሉ ገበያ

የስፍራው ስም የመጣው ቀድሞ በዚያ ከነበረውና በአትክልት ቦታ ውስጥ ከታነጸው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የከተማው አስተዳደር በዚሁ ቦታ ዙሪያውን ክፍት የሆነ የእህል መሸጫ አዳራሽ አሠራ። በአንዱ ዓምድ ላይ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል በ1292 ተአምር አደረገ ስለ ተባለ ሕዝቡ ለመሳለም ይጎርፍ ጀመር። ስለዚህ እህል ሊሸምት የመጣውና ሊጸልይ የመጣው ሰው በአንድ ጣራ ሥር ይገናኝ ነበር። ይህ አዳራሽ በ1304 በተነሣው ቃጠሎ ከጠፋ በኋላ፥ በ1337 ዛሬ የሚታየው ታላቅ ሕንፃ ተጀመረ። ምድር ቤቱ ለገበያና ለጸሎት፥ ከላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ ለእህል ማከማቻ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። እህሉ ከጎተራው ወደ ታች የሚወርድበት ቦይ በዓምዶቹ ውስጥ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

እህል በዚያ ዘመን የንግድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይም ነበር። ዶሜኒኮ ሌንዚ የተባለ የእህል ነጋዴ ከ1320 እስከ 1335 ድረስ የነበረውን የገበያ ዋጋ በመዝገብ ጽፎ ትቶልናል። በ1329 በደረሰው ረኀብ ጊዜ ሕዝቡ በዚሁ ገበያ ሲጋፋ፥ የታጠቁ ዘበኞችም ጸጥታ ሲያስከብሩ በመጽሐፉ ሥዕሎች ላይ ይታያል። እህል የጠፋበት ሕዝብ በገዢዎቹ ላይ እንደሚነሣ የአስተዳደሩ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ የከተማውን ሕዝብ ከግማሽ በላይ ሲፈጅ፥ ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በኦርሳንሚኬሌ ለነበረው ድኆችን ለሚረዳው መንፈሳዊ ማኅበር ተናዘዙ። ማቴዎ ቪላኒ የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ኑዛዜው ከ350,000 ፍሎሪን በላይ እንደ ነበረ ይናገራል። ኦርካኛ የተባለው ሠዓሊና ቀራጺ ለእመቤታችን ሥዕል የሠራው በእብነ በረድ ያጌጠ ማደሪያ በ1359 ተፈጸመ። ከዚያም ቀስ በቀስ ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ፤ ክፍት የነበሩት ቅስቶች በግንብ ተዘጉ፤ ምድር ቤቱም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጎተራው ግን ከላይ እንዳለ ቀረ።

2. ማኅበራቱና ግዴታቸው

በፍሎሬንስ 21 የሙያ ማኅበራት ነበሩ። ከነዚህ 7ቱ ታላላቅ ማኅበራት ይባሉ ነበር፤ እነርሱም የዳኞችና የውል ጸሐፊዎች፥ ካሊማላ የሚባለው የውጭ አገር ጨርቅ ነጋዴዎች፥ የገንዘብ ለዋጮች፥ የበግ ጠጉር ጨርቅ አሠሪዎች፥ የሐር ነጋዴዎች፥ የሐኪሞችና የመድኃኒት ቀማሚዎች፥ የጠጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ማኅበራት ናቸው። የቀሩት 14ቱ ታናናሽ ማኅበራት ይባሉ ነበር። ማኅበር ማለት በዚያ ከተማ የሙያ መረዳጃ ብቻ አልነበረም። በከተማው ከፍተኛ ሹመት ለመቀመጥ የማኅበር አባል መሆን ያስፈልግ ነበር፤ በ1293 የወጣው ሕግም የድሮዎቹን ኀይለኛ መሳፍንት ከዚህ ሹመት አገለለ። እንግዲህ ማኅበር የሌለው ሰው በከተማው ጉዳይ ቃል አልነበረውም።

ጥበበኞቹም ራሳቸው ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልነበሩም። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን ከመድኃኒት ቀማሚዎች ጋር ስለሚጋሩ በሐኪሞች ማኅበር፥ ወርቅ ሠሪዎች በሐር ነጋዴዎች ማኅበር፥ ድንጋይ ቀራጮች በግንበኞች ማኅበር ውስጥ ይመዘገቡ ነበር።

በ1339 ማኅበራቱ በሕንፃው ውጫዊ ዓምዶች ላይ የየጠባቂ ቅዱሳናቸውን ምስል እንዲያቆሙ ስፍራ ተደለደለላቸው። ይሁን እንጂ ሥራው እጅግ ዘገየ። በ1406 የከተማው አስተዳደር ማኅበራቱ በ10 ዓመት ውስጥ የየስፍራቸውን ሐውልት እንዲያቆሙ አዘዘ። ስለ ሬኔሳንስ ቅርጻ ቅርጽ መነሻ ስንናገር ይህን ትእዛዝ ልንዘነጋው አይገባም። የጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የሚያደንቋቸው ብዙዎቹ ምስሎች ከትእዛዙ በኋላ ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ናቸው።

3. የነሐስ ፉክክር

መጀመሪያ የተነሣው ካሊማላ ነበር። ይህ ባለጸጋ ማኅበር በእብነ በረድ ፈንታ ነሐስ መረጠ። ነሐስ ከእብነ በረድ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ያስወጣል፤ ሥራውም አደገኛ ነው፤ ቀልጦ ሲፈስስ ጥቂት ስሕተት ቢደርስ ሁሉ ይበላሻል። ሎሬንዞ ጊቤርቲ የመጥምቁ ዮሐንስን ምስል ሲሠራ፥ የማቅለጡ ሥራ ቢከሽፍ ኪሳራው በራሱ ላይ እንዲሆን ተስማምቶ ነበር። ሥራው ግን ተሳካ፤ በ1416 ገደማም ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ የነሐስ ቅዱስ በአደባባይ ታየ።

የገንዘብ ለዋጮች ማኅበር ይህን አይቶ ዝም አላለም። በ1419 ከጊቤርቲ ጋር ስለ ቅዱስ ማቴዎስ ምስል ሲዋዋል፥ ምስሉ ቢያንስ የመጥምቁ ዮሐንስን ያህል እንዲሆን፥ ከሁለት ክፍል በላይ እንዳይቀጣጠል፥ ክብደቱም ከ2,500 ሊብራ እንዳይበልጥ በውሉ አስገባ። ቅዱስ ማቴዎስ የተመረጠው ሐዋርያ ከመሆኑ በፊት ቀራጭ ስለ ነበረ ለገንዘብ ሰዎች ተገቢ ጠባቂ ሆኖ ነው። ሥራውን ከሚቆጣጠሩት የማኅበሩ ሰዎች አንዱም ወጣቱ ባለ ባንክ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ነበር።

ሦስተኛው የበግ ጠጉር ጨርቅ አሠሪዎች ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር ቀድሞ ያቆመው የእብነ በረድ እስጢፋኖስ ነበረው። ነገር ግን የሁለቱን ማኅበራት ነሐስ ካየ በኋላ በ1425 መከረና፥ የእርሱ ስፍራ ከሌሎቹ በውበት የሚበልጥ፥ ካልሆነም የሚተካከል እንዲሆን ወስኖ አዲስ የነሐስ እስጢፋኖስ በጊቤርቲ አሠራ። የቀድሞውም ምስል ተነሣ። አንድ ሐውልት ሃይማኖታዊ ጉድለት ሳይኖርበት፥ ጎረቤቱ ስለበለጠው ብቻ ከስፍራው መነሣቱ ብዙ ያስተምራል።

4. የእብነ በረዱ ረድፍ

ታናናሾቹ ማኅበራት ነሐስ ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ሆኖም የገንዘብ ማነስ ለጥበቡ መሰናክል አልሆነበትም። የበፍታና የአሮጌ ልብስ ነጋዴዎች ከ1411 ጀምሮ ቅዱስ ማርቆስን በዶናቴሎ አሠሩ። ምስሉ የሰውነቱን ክብደት በአንድ እግሩ አሳርፎ የቆመ ነው፤ የልብሱም እጥፋት ከውስጥ ያለውን አካል ይከተላል። ምስሉ የቆመው በትራስ ላይ ሲሆን፥ ጨርቅ ሻጮች ያሠሩት መሆኑን ይህ ራሱ ይመሰክራል።

የጥሩርና የሰይፍ ሠሪዎች የደረሳቸው ስፍራ ከኋላው ደረጃ ስላለበት ጥልቀቱ ትንሽ ነበር። ዶናቴሎ ይህን ችግር ወደ ጥቅም ለወጠው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከጠባቡ ስፍራ ሊወጣ እንደ ተዘጋጀ ወታደር ጋሻውን ይዞ አቆመው። በአገራችን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ ማየት ለለመደው አንባቢ ይህ አቋም እንግዳ ይመስለዋል። ፈረሱና ዘንዶው ግን አልቀሩም፤ ከእግሩ በታች ባለው ድንጋይ ላይ እጅግ ስስ በሆነ ቅርጽ ተሥለዋል፤ ከኋላቸውም ቅስት ያለው ቤት እየራቀ ሲሄድ ይታያል። በምስሉ ላይ የቀሩት ቀዳዳዎች የብረት መሣሪያ ይያያዝበት እንደ ነበረ ያመለክታሉ። እንግዲህ ጥሩር ሠሪዎቹ ቅዱሳቸውን ሲያከብሩ ሙያቸውንም ያሳዩ ነበር።

ግንበኞችና እንጨት ሠራተኞች ደግሞ በናኒ ዲ ባንኮ እጅ አራት ቅዱሳንን በአንድ ስፍራ አቆሙ። እነዚህ ሰማዕታት የጣዖት ምስል አንቀርጽም በማለታቸው በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን እንደ ተገደሉ የሚነገርላቸው ቀራጮች ናቸው። ከእግራቸው በታች ግንብ የሚሠራ፥ ዓምድ የሚበሳና ሕፃን የሚቀርጽ ሠራተኛ ተቀርጿል። በግድግዳው ሁሉ ላይ የእጅ ሥራ በሥራ ላይ ሳለ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

5. ስፍራ ያላገኙት

በግድግዳው ላይ ያሉት የሐውልት ስፍራዎች 14 ናቸው። ከነዚህ አንዱን የጌልፍ ወገን የሚባለው የፖለቲካ ማኅበር ወሰደ። 7ቱ ታላላቅ ማኅበራት ሁሉም ደረሳቸው። ከ14ቱ ታናናሽ ማኅበራት ግን ያገኙት 6 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ከላይ ከተጠቀሱት ሦስቱ ሌላ የልኳንዳ ነጋዴዎች፥ የጫማ ሰፊዎችና የፈረስ ጫማ ቀጥቃጮች ናቸው። ወይን ሻጮች፥ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች፥ ዘይት ሻጮች፥ ቆዳ ፋቂዎች፥ ቁልፍ ሠሪዎች፥ ጠፍር ሠሪዎች፥ አናጢዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች ከውጭው ግድግዳ ላይ የሉም። የከተማው የእህል ጎተራ በሆነው ቤት ዙሪያ ዳቦ ጋጋሪው ሐውልት ማጣቱ የሚያስገርም ነው።

ከሁሉም በታች ደግሞ ማኅበር እንኳ ያልነበራቸው አሉ። ጨርቁን የሚያጥቡት፥ ጠጉሩን የሚያበጥሩትና የሚደበድቡት ቾምፒ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች በአሠሪዎቹ ማኅበር ሥር ይገዙ ነበር እንጂ አባሎቹ አልነበሩም። ማኅበሩ በነርሱ ላይ የራሱ ፍርድ ቤትና ተቆጣጣሪ ነበረው። በሐምሌ 1378 እነዚህ ሠራተኞች ተነሥተው የራሳቸው ማኅበር እንዲፈቀድላቸውና በሹመት እንዲካፈሉ ጠየቁ፤ ለጥቂት ጊዜም ሦስት አዳዲስ ማኅበራት ተቋቋሙ። ነገር ግን የቾምፒ ማኅበር በዚያው ዓመት ክረምት ሳያልፍ ፈረሰ፤ የቀሩት ሁለቱም በ1382 ተሻሩ። የ1406ቱ ትእዛዝ የወጣው ከዚህ ዐመፅ 28 ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የነሐሱ እስጢፋኖስ በሚቆምበት ጊዜ፥ ዋጋው የተከፈለው ቃል ካልነበራቸው ሠራተኞች ጉልበት በተገኘ ትርፍ ነበር። በ1427 ለግብር በተደረገው የሀብት ቆጠራም 100 ያህል ቤተሰቦች ከከተማው ሀብት ከሩብ በላይ ይዘው እንደ ነበረ ታይቷል።

6. ከአደባባይ ወደ ግቢ

ይህም ሥርዓት ብዙ አልቆየም። ኮዚሞ በ1434 ከስደት ተመልሶ ከተማውን በተዘዋዋሪ መንገድ መግዛት ከጀመረ በኋላ፥ ማኅበራቱ ስማቸው እንዳለ ኀይላቸው ደከመ። በ1441 በኢየሩሳሌም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተላኩት መልእክተኞች ለጉባኤ ወደ ፍሎሬንስ ሲገቡ፥ የዶናቴሎና የጊቤርቲ ሐውልቶች በግድግዳው ላይ ቆመው ነበር፤ ያሠሯቸው ማኅበራት ግን የቀድሞ ሥልጣናቸውን ማጣት ጀምረው ነበር። በ1444 የሜዲቺ ቤተ መንግሥት ተጀመረ። ዶናቴሎ የሠራውም የነሐስ ዳዊት የቆመው በጎዳና ሳይሆን በዚህ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የጌልፍ ወገንም ስፍራውን በ1463 ለነጋዴዎች ፍርድ ቤት ሸጠ፤ ፍርድ ቤቱም ቬሮኪዮ የሠራውን የጌታችንንና የቶማስን ምስል በ1483 አቆመበት።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ሁለት ወገን አለው። በአንድ በኩል የዶናቴሎ ጊዮርጊስ በትእዛዝና በውል ስለ ተሠራ ውበቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም የስፍራው ጥበት፥ የጎረቤቶች ፉክክርና የሕዝቡ ዐይን የቀራጺውን እጅ እንዳሳሉት አይተናል። በሌላ በኩል ይህን ምስል የነጻ ሰው ሁሉ ምሳሌ ነው ብለን ስናደንቅ፥ በዚያ ከተማ ነጻ ሰው ተብሎ የተቆጠረው ማን እንደ ነበረ መጠየቅ ግዴታችን ነው። መልሱም በዚያው ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ በአሥራ አራቱ ስፍራዎች ውስጥ በቆሙትና ከነርሱ ውጭ በቀሩት።