«እንባ ጠባቂ»፦ የስዊድን ሹመት በአማርኛ ስም

ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ በምትገኘው በዮርድብሩ የምንኖር ስደተኞች «ኦምቡድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የምናውቀው ከሱቅ ነው። ፖስታ ቤቱን ወክሎ ጥቅላችንን የሚያስረክበን ባለ ሱቅ «ኦምቡድ» ይባላል። በፍርድ ቤት ስለ ባለ ጉዳይ ቆሞ የሚከራከረውም በዚሁ ስም ይጠራል። ቃሉ በሌላ ሰው ስም፣ በተሰጠው ሥልጣን የሚሠራን ሰው ያመለክታል፤ በእኛ ቋንቋ «ወኪል»፣ ከፍ ሲል ደግሞ «እንደራሴ» ማለት ነው። ዓለም ከስዊድን የተዋሰው «ኦምቡድስማን» የተሰኘው የሕግ ቃል ከዚሁ የወጣ ነው።

ሹመቱ የተወለደው በስደት ነው። ንጉሥ ካርል 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1709 በፖልታቫ በሩሲያ ጦር ድል ሆኖ ወደ ኦቶማን ቱርክ ግዛት ተሰደደ። በሌለበት ሹማምንቱ ሕግ ማክበራቸውን የሚከታተልለት ሰው ቢያስፈልገው፣ በ1713 ከዚያው ሆኖ ከፍተኛ ኦምቡድስማን እንዲሾም አዘዘ። ልብ እንበል፤ ይህ ሹም የንጉሡ ዐይን እንጂ የሕዝቡ አልነበረም። የሕዝብ ወኪል የመጣው ጉስታቭ 4ኛ አዶልፍ በመፈንቅለ መንግሥት ከወረደ በኋላ ነው። የ1809 ሕገ መንግሥት ፓርላማው የራሱን ኦምቡድስማን እንዲመርጥ ደነገገ፤ በተከታዩ ዓመት ላርስ አውጉስቲን ማነርሄይም የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። ዛሬ አራት ናቸው፤ ፖሊሱንም፣ ወኅኒ ቤቱንም፣ ፍርድ ቤቱን ሳይቀር ይመረምራሉ፤ ያጠፋን ሹም እስከ መክሰስ ይደርሳሉ። (ሚኒስትሮችንና የፓርላማ አባላትን ግን አይነኩም፤ የሰው አገር ሁሉ ገነት እንዳይመስል ይህንንም እንናገራለን።)

ወደ አገራችን ሲገባ ስሙ ተለወጠ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት ተቋሙን እንዲያቋቁም በአንቀጽ 55 አዘዘ፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 «እንባ ጠባቂ» ተብሎ ተመሠረተ። ስሙስ ያምራል። «አቤት!» ከሚል ጩኸት «አቤቱታ»ን ያወጣ፣ ከዙፋን ችሎት ደጅ ሲጠና የኖረ ሕዝብ፣ ፍትሕንና እንባን ቢያዛምድ አይገርምም። ነገር ግን «እንደራሴ» ቢባል ኖሮ «የማን እንደራሴ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። «ጠበቀ» ደግሞ በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ መከላከልም ነው፣ ቆሞ መቆየትም።

የትኛው ፍቺ እንደሚስማማው ለማወቅ አዋጁን መግለጥ ይበቃል። በጋዜጠኝነት ለኖርን ሰዎች ቅርብ የሆነው የመረጃ ነጻነት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዚሁ ተቋም ተሰጥቷል፤ ስዊድን የመንግሥትን መዝገብ ለዜጋ የከፈተችው በ1766 እ.ኤ.አ. መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። ዋናው ነገር ግን የሥልጣን ገደቡ ላይ ነው። የ1992ቱ አዋጅ ሲወጣ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ፣ እንዲሁም የጸጥታ ኃይሎች፣ ፖሊስና መከላከያ በአገር ደኅንነትና በሕዝብ ጸጥታ ረገድ የሚሰጡትን ውሳኔ ከተቋሙ ምርመራ ውጭ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ልጇ «ለጸጥታ ሲባል» ከቤቷ የተወሰደባት እናት እያነባች ከዚያ ደጅ ብትደርስ፣ እንባ ጠባቂው አንቀጽ ጠቅሶ ሊመልሳት ይችል ነበር።