ሁለተኛው መስመር፦ ከኪራይ ሽቦ እስከ ብሮድባንድ ራውተር የተጠባባቂ መገናኛ አጭር ታሪክ

«ከአንድ ብርቱ፣ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአባቶች ብሂል የተነገረው ስለ ሰው ጉልበት ቢሆንም፣ የመገናኛ መሐንዲስ ሥራ በአመዛኙ በዚህ ብሂል ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስመር ይበጠሳል፤ መሣሪያ ይቃጠላል፤ ኃይል ይቋረጣል። ስለሆነም ሥራው እንዲስተጓጎልበት የማይፈልግ ድርጅት ከዋናው መስመር ጎን ሁለተኛ መስመር ያዘጋጃል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ መተከል የጀመረው፣ በብሮድባንድ መስመር የአካባቢውን ኔትወርክ እያገለገለ መስመሩ ሲቋረጥ ግን በስልክ ደውሎ ግንኙነቱን የሚቀጥለው አነስተኛ ራውተር የዚሁ ሐሳብ ፍሬ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተጠባባቂ መስመርን ታሪክ ባጭሩ ለአባላትና ለሙያ ባልደረቦች ለማቅረብ ይሞክራል። ዓላማው ግን ያለፈውን መዘርዘር ብቻ አይደለም። ታሪኩ በየዘመኑ መልሶ የሚያቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሁለት የምንላቸው መስመሮች በእርግጥ ሁለት ናቸውን?» የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

የሐሳቡ ምንጭ

በ1964 ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ የራንድ ድርጅት ባልደረባ ሳለ ስለ ተበታተነ የመገናኛ መረብ ተከታታይ ጥናቶችን አሳተመ። ጥናቶቹ የመረመሩት፣ ከጣቢያዎቹና ከመስመሮቹ ከፊሎቹ በጦርነት ቢደመሰሱ፣ የተረፉት እርስ በርስ መነጋገራቸውን እንዲቀጥሉ መረቡ እንዴት መሠራት እንዳለበት ነበር። ባራን የደረሰበት ውጤት ተስፋ ሰጪ ነው። ጣቢያዎቹን ለማገናኘት የግድ ከሚያስፈልገው የመስመር ብዛት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ያህል ቢዘረጋ፣ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ደካማ ቢሆን እንኳ መረቡ በጠቅላላው እጅግ ጠንካራ ይሆናል። ሆኖም ይህ ስሌት አንድ መሠረታዊ ግምት ነበረው፤ አንዱ መስመር ሲቆረጥ ሌላውን ይዞ አይወድቅም የሚል ነው።

በ1969 ሥራውን የጀመረው አርፓኔት መልእክትን በትናንሽ እሽጎች እየከፈለ የሚያስተላልፍ መረብ ነበር። ቦልት በራኔክ ኤንድ ኒውማን የተባለው ኩባንያ በሃኒዌል ኮምፒዩተሮች ላይ ተመሥርቶ የሠራቸው የእሽግ ማስተላለፊያ መሣሪያዎች የዛሬው ራውተር ቅድመ አያቶች ናቸው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ እሽጉን በሌላው መንገድ የሚልኩት መሣሪያዎቹ ራሳቸው እንጂ ሰው አልነበረም።

የኪራይ መስመርና የስልክ ጥሪ

ከምርምር ተቋማቱ ውጭ ግን ነገሩ የተለየ ነበር። ባንኮች፣ አየር መንገዶችና ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸውን የሚያገናኙት ከስልክ ኩባንያ በተከራዩት፣ ሌት ተቀን ክፍት ሆኖ በሚቆይ መስመር ነበር። የኪራይ መስመር ብዙውን ጊዜ ባለ አራት ሽቦ ሲሆን፣ ሁለቱ ለመላኪያ፣ ሁለቱ ለመቀበያ ያገለግላሉ። ይህ መስመር ሲበላሽ ተራው ስልክ ይተካዋል። ነገር ግን ተራው የስልክ መስመር ባለ ሁለት ሽቦ በመሆኑ፣ አንዱን የኪራይ መስመር ለመተካት ሁለት ጥሪዎች ያስፈልጉ ነበር። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ ይደውላል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ባልደረባው ሁለቱንም ያነሣል፤ ከዚያም በኋላ ሁለቱም የሞደማቸውን ማብሪያ ወደ ተጠባባቂው መስመር ያዞራሉ። እንግዲህ ተጠባባቂው መስመር የሚሠራው ደዋዩ ሰው በሥራ ቦታው ከተገኘ ብቻ ነበር።

ይህን ሁኔታ የለወጡ ሁለት ክንውኖች አሉ። በ1968 የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በካርተርፎን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ ከስልክ ኩባንያው ውጭ የተሠሩ መሣሪያዎች ከስልኩ መረብ ጋር እንዲገናኙ በር ከፈተ። በ1981 ደግሞ የሄይስ ኩባንያ ስማርትሞደም የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ፍጥነቱ 300 ቢት በሴኮንድ ነበር፤ ይህም በ1962 የወጣው ቤል 103 ሞደም ከደረሰበት የሚበልጥ አይደለም። አዲስ ነገሩ ፍጥነቱ ሳይሆን ታዛዥነቱ ነው። ኮምፒዩተሩ መረጃ በሚልክበት በዚያው ገመድ «ደውል»፣ «አንሣ»፣ «ዝጋ» እያለ ሊያዝዘው ቻለ። ከዚያ ወዲህ ደዋዩ ሰው መሆኑ ቀርቶ መሣሪያ ሆነ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ዘዴው እየተሻሻለ በሄደበት በዚያው ዘመን የባራን ግምት ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን የሚያሳዩ ሁለት አደጋዎች ደረሱ።

የመጀመሪያው በዲሴምበር 12 ቀን 1986 የደረሰው ነው። ኒው ኢንግላንድ የሚባለውን የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክፍል ከቀረው አርፓኔት ጋር የሚያገናኙ ሰባት መስመሮች ነበሩ። ይሁን እንጂ ሰባቱም በኒውአርክና በኋይት ፕሌንስ መካከል የሚያልፉት በአንድ ፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ውስጥ ነበር። ያ ገመድ ሲቆረጥ ሰባቱም በአንድ ጊዜ ጠፉ። በመሐንዲሱ ሥዕል ላይ ሰባት የነበሩት በመሬት ላይ አንድ ነበሩ።

ሁለተኛው በሜይ 8 ቀን 1988 በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር፣ ሂንስዴል በምትባል ከተማ የደረሰው የስልክ ጣቢያ ቃጠሎ ነው። በቃጠሎው ከ30 ሺህ በላይ ደንበኞች የስልክ አገልግሎት አጡ። ጣቢያው የአካባቢውን ስልክ ብቻ ሳይሆን የሩቅ ጥሪዎችንና የመረጃ መስመሮችንም የሚያስተላልፍ በመሆኑ ጉዳቱ እስከ ቺካጎ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተሰማ። ለርእሳችን ይህ አደጋ ከፊተኛው ይልቅ የቀረበ ነው። የኪራይ መስመሩም፣ ተጠባባቂ እንዲሆን የታሰበው ተራ ስልክም የሚያልፉት በዚያው ጣቢያ በነበረበት መሥሪያ ቤት፣ ሞደሙ እንዲደውል ቢታዘዝም የሚደውልበት ድምፅ እንኳ አያገኝም ነበር።

ራውተሩ ደዋይ ሲሆን

ሲስኮ በ1984 ከተቋቋመ በኋላ ባሉት ዓመታት ራውተር ከምርምር ተቋማት ወጥቶ የንግድ ዕቃ ሆነ። የጥሪ መስመር ደንብ የሆነው ፒ.ፒ.ፒ. በ1994 የታወቀ ቅርጹን ሲይዝ፣ የተለያዩ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በስልክ መስመር መግባባት ቻሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ራውተሩ ወደ አንድ መድረሻ የሚወስዱ ሁለት መንገዶችን ይዞ ለእያንዳንዱ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቅድሚያ ያለው መንገድ በሠንጠረዡ ላይ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ተሰውሮ ይቆያል፤ ዋናው ሲሰረዝ ሁለተኛው ይገለጣል፤ ሞደሙም ይደውላል።

አስቸጋሪው ነገር መደወሉ ሳይሆን መቼ መደወል እንደሚገባ ማወቁ ነው። ራውተሩ ከፊት ለፊቱ ያለው ገመድ ሕያው መሆኑን አይቶ መስመሩ ጤነኛ ነው ሊል ይችላል፤ ብልሽቱ ግን ከዚያ ወዲያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሩቅ ወዳለ አድራሻ በየጊዜው ምልክት እየላኩ መልሱን መጠበቅ ያስፈልጋል። ደግሞም መስመሩ ለአፍታ ባንቀላፋ ቁጥር ራውተሩ ቢደውል፣ ወዲያውም ቢዘጋ፣ ሥራው ሁሉ ይታወካል። በመሆኑም ከመደወሉ በፊትም ሆነ ወደ ዋናው ከመመለሱ በፊት የመታገሻ ጊዜ ይወሰንለታል።

ሦስተኛው ችግር የሒሳብ ነው። አር.አይ.ፒ. የተባለው የመንገድ መለዋወጫ ደንብ ያለውን መንገድ ሁሉ በየ30 ሴኮንዱ ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል። ይህ ማስታወቂያ በስልክ መስመር ላይ ሲያልፍ ራውተሩ ሥራ ያለ እየመሰለው ጥሪውን ሳይዘጋ ያድራል፤ የወሩም ሒሳብ ይንራል። ለዚህም መፍትሔ ሲፈለግ በ1994 ለአር.አይ.ፒ.፣ በ1995 ደግሞ ለኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በጥሪ ለሚሠሩ መስመሮች የሚስማሙ ማሻሻያዎች ታተሙ።

ብሮድባንድና ሁለቱ ፍጥነቶች

ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. የተባለው የብሮድባንድ ዘዴ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች የተሠሩ ርካሽ ራውተሮችም አብረው መጡ። ከእነዚህም መካከል ኤስ.ኤም.ሲ. ባሪኬድ የተባለው፣ ከብሮድባንዱ መግቢያ ሌላ የውጭ ሞደም የሚሰካበት ተጨማሪ መግቢያ ነበረው። ቀድሞ የባንክና የአየር መንገድ ሀብት የነበረው ተጠባባቂ ጥሪ በዚህ ሁኔታ ወደ ተራው ቢሮ ወረደ።

ራውተሩን የሚያቋቁም ባለሙያ ግን ሦስት ነገሮችን ማሰብ ነበረበት። አንደኛ፣ የሁለቱ መስመሮች ፍጥነት አይቀራረብም። አንድ ሜጋባይት የሚመዝን ሰነድ በ512 ኪሎ ቢት መስመር ለማውረድ 16 ሴኮንድ ያህል ሲፈጅ፣ በ56 ኪሎ ቢት ሞደም፣ ያውም መስመሩ ጥሩ ሲሆን፣ ከ2 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሃያ ኮምፒዩተሮች ጥሪውን ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2,800 ቢት በሴኮንድ ብቻ ነው። ስለዚህ በተጠባባቂው መስመር የሚያልፈው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ አለዚያ አስቸኳዩ መልእክት ከማያስቸኩለው ጋር ተሰልፎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ሲለወጥ የመሥሪያ ቤቱ የውጭ አድራሻም ይለወጣል። በውስጥ ያሉት ኮምፒዩተሮች አድራሻቸው ሳይነካ በራውተሩ ስም ይወጣሉ፤ በውጭ ሆኖ መሥሪያ ቤቱን የሚፈልግ ግን በቀድሞው አድራሻ አያገኘውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ ላይ የሚጓዘው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ሲሆን፣ ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ከ25 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀማል። ስለዚህ ብሮድባንዱና ጥሪው በአንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ላይ ሳይነካኩ አብረው ያልፋሉ። ይህ የሙያው ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱን የሚያሳስት ሥራ ነው። ሞደሙ የተሰካው ብሮድባንዱ ባለበት በዚያው ሽቦ ላይ ከሆነ፣ ተጠባባቂው የሚያድነው የብሮድባንዱ ማዕከል ሲበላሽ ብቻ ነው። ሽቦው ራሱ ከተቆረጠ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። የሂንስዴል ትምህርት በአንዲት ትንሽ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተደገመ ማለት ነው።

በአገራችን

በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ የተጀመረበት 1894 የመነሻ ዓመት ሆኖ ይጠቀሳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የልማት መረጃ ክፍል፣ በፋይዶኔት ዘዴ የኤሌክትሮኒክ መልእክቶችን እያጠራቀመ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በስልክ ጥሪ ይለዋወጥ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎትን የጀመረው በ1997 ነው። እንግዲህ በእኛ ዘንድ የስልክ ጥሪ ተጠባባቂ ከመሆኑ በፊት ዋና፣ እንዲያውም ብቸኛ መንገድ ነበር።

ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። ኤ.ኦ.ኤል. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የጥሪ ኢንተርኔት አገልግሎቱን በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 አቁሟል። የሞደሙን ቦታ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሬዲዮ ወስዶታል፤ ዋናው ፋይበር ሲቋረጥ ራውተሩ ወደ ሬዲዮው ይዞራል። ከ2022 ጀምሮም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ በመጀመሩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ዋናውን ከአንዱ፣ ተጠባባቂውን ከሌላው ድርጅት ለመውሰድ የሚችልበት ዕድል ተከፍቷል። ሆኖም ሁለት የውል ወረቀቶች መኖራቸው ብቻ ሁለት መንገድ ለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም፤ የሁለቱ አገልግሎቶች መስመር በአንድ ቦይ፣ ወይም በአንድ ማማ ሊያልፍ ይችላልና።

በሥራ አጋጣሚ በተመለከትሁት አንድ መሥሪያ ቤት የፋይበሩም የሬዲዮውም መሣሪያ የተሰካው በአንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ነበር። ባትሪው የሚመግበው ኮምፒዩተሮቹን ብቻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሮቹ በርተው ሳለ ሁለቱም መስመሮች ይጠፋሉ። ለተጠባባቂው መስመር ግን በየወሩ ሙሉ ዋጋ ይከፈልበት ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት የተጠባባቂ መስመር ዋጋ የሚመዘነው በፍጥነቱ ሳይሆን ከዋናው ጋር በማይጋራው ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ ባለሙያው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ሁለቱ መስመሮች ከሕንፃው የሚወጡት በየትኛው ቦይ ነው? የሚደርሱት በየትኛው ጣቢያ ነው? ኃይል የሚያገኙት ከየት ነው? ሲቋረጡ የሚያውቀውስ ማን ነው? መልሶቹ በወረቀት ላይ ሊሰፍሩና በየጊዜው ሊታደሱ ይገባል።

ከጥያቄዎቹም በኋላ ፈተናው ይቀራል። በሥራ ቀን፣ ለሠራተኛው አስቀድሞ ተነግሮ፣ የዋናው መስመር ገመድ በእጅ ይነቀል፤ ራውተሩ እስኪዞር የወሰደው ጊዜ፣ ያለፈውና ያላለፈው ሥራ ይመዝገብ፤ ከዚያም ገመዱ ይመለስ። በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚደረግ ይህ ፈተና ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። ያልተፈተነ ተጠባባቂ መስመር ግን መኖሩ የሚታወቀው በሒሳብ ደረሰኙ ላይ ብቻ ነው።