የቱቦ አልባሾቹ መዝገብ

አድምጡኝማ፤ የቱቦ አልባሾችን ነገር ልተርክላችሁ። በሆስፒታል፣ በኃይል ማመንጫና በመርከብ ሆድ ውስጥ እንፋሎት የሚያልፍበትን ቱቦ ሙቀቱ እንዳይባክን፣ ቀዝቃዛውንም ቱቦ ላብ እንዳያወርድ የሚሸፍኑ ባለሙያዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በ1903 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ላይ ተሰብስበው አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ዓርማቸው ሳላማንደር ናት፤ የጥንት ሰው እሳት ውስጥ ገብታ አትቃጠልም ይላት የነበረች እንሽላሊት መሳይ ፍጥረት። በማኅበሩ ስም ውስጥም «አስቤስቶስ» የሚለው ቃል ለረጅም ዘመን ኖሯል። እሳት የማይበላው፣ ግን ተፈትሎ የሚሸመን ማዕድን ነው። እንጀራቸው እሱ ነበር።

በዚያ ዘመን ወጣቱ ሙያውን የሚጀምረው ረዳት ሆኖ ነበር። ብዙውን ጊዜ የባለሙያው ልጅ ወይም ወንድም ነበር። ገብቶ ምን ይሠራል? ከረጢት ይሸከማል፤ ደረቁን ዱቄት ባልዲ ውስጥ ገልብጦ በውኃ ያቦካል። ባለሙያው ልባሱን በልኩ በመጋዝ ይቆርጣል፣ የቱቦውን መታጠፊያ በእጁ ይለስናል። አቧራው ሁለቱንም ያለብሳቸዋል። ሲመሽ ነጭ ሆነው ቤት ይገባሉ፤ ልብሱን አራግፋ የምታጥበው ሚስት ናት። እንግሊዝ አገር በ1931 የአስቤስቶስ ፋብሪካዎችን አቧራ የሚገድብ ደንብ ወጥቶ ነበር። አሜሪካውያኑ ቱቦ አልባሾች በሚሸከሙት ከረጢት ላይ ግን ያኔ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም።

ታዲያ ኢርቪንግ ሴሊኮፍ የሚባል የሳንባ ሐኪም መጣ። ኒው ጀርሲ፣ ፓተርሰን ውስጥ በከፈተው ክሊኒክ የአስቤስቶስ ሠራተኞች ሳንባ ሲጎዳ ያይ ነበር። ግን ጥቂት ሕመምተኛ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የተገኘው ከማኅበሩ መዝገብ ነው፤ ማን መቼ ሙያው ውስጥ እንደገባ ተጽፎ ተቀምጧልና። ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ ከ1943 በፊት ሙያውን የጀመሩ 632 ሰዎችን ወስደው እስከ 1962 መጨረሻ ተከታተሉ። 255 ሞተዋል። በሳንባና በሳንባ ሽፋን ካንሰር የሞቱት 45 ናቸው፤ እንደ ሌላው ሕዝብ ቢሆን 6 ወይም 7 በሆኑ ነበር። ጥናቱ በ1964 ታተመ። የሙያ ዕድገታቸውን ለመቁጠር የተያዘ መዝገብ ሞታቸውን መሰከረ። ያንን መዝገብ ለሐኪም የከፈተ ማኅበር፣ እንደ እኔ እምነት፣ ለአባላቱ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አልሠራም።

ዛሬም የሙያው መሰላል አለ፤ ግን ተለውጧል። ተለማማጁ አራት ወይም አምስት ዓመት ቀን እየሠራ ክፍል ውስጥም ይማራል፤ ክፍያው ከባለሙያው ግማሽ አካባቢ ይጀምርና ያድጋል። ከዚያ ሙሉ ባለሙያ፣ ፎርማን፣ ዋጋ ገማች ይሆናል፤ የራሱን ድርጅት የሚከፍትም አለ። የሚሸፍኑበት እንደ ፋይበርግላስና ጎማ ያለ ነገር ነው። ከነዚያ ሰዎች ሞት የተወለዱ ሥራዎችም አሉ። አንደኛው ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ መርማሪ ነው። ሌላው አስቤስቶስ አስወጋጅ ነው፤ ክፍሉን በፕላስቲክ ያሽጋል፣ አቧራው ወደ ውጭ እንዳያመልጥ አየሩን በማሽን እየሳበ ያጣራል፣ የድሮውን ልባስ በውኃ አርሶ ያወርዳል፣ መተንፈሻ ጭንብሉንም አያወልቅም። ለዚህ የተለየ ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልጋል። አባቶቹ በባዶ አፍንጫ የለጠፉትን ልጆቹ እንዲህ ተጠንቅቀው ያወርዱታል።

አሜሪካ የምትኖሩ፣ በሕንፃ ጥገና፣ በጽዳት ወይም በአሮጌ ቤት እድሳት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ ይህን ያዙልኝ። የሥራ ደኅንነት ሕጉ እስከ 1980 በተሠራ ሕንፃ ያለውን የቱቦና የቦይለር ልባስ፣ ተመርምሮ ነፃ እስካልተባለ ድረስ፣ አስቤስቶስ አለበት ብሎ ይቆጥረዋል። አለቃችሁ ቅደዱት ቢላችሁ የምርመራውን ወረቀት ጠይቁ፤ ወረቀቱን ሳታዩ አትንኩት።